ዘሩን ማን ጠበቀ? ስሙንስ ማን ጻፈ?

በሆላንድ ስለምንኖር ኢትዮጵያውያን ሲጻፍ ብዕሩ ዘወትር ከሰው ይጀምራል፤ ከቀይ ሽብር ካመለጠው ወጣት፣ የሱዳንን በረሃ አቋርጣ ከመጣችው እናት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠብቅ ጠጉሩ ከሸበተው ጎልማሳ። ተገቢ አጀማመር ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለት የአገራችን ዕፀዋት፣ ስለ ቡናና ስለ ጤፍ፣ ለማውጋት ተነስቻለሁ። አንደኛው ከማናችንም ቀድሞ፣ ሁለተኛው ደግሞ በእኛው ዘመን ወደዚህ አገር ገብቷል። የሁለቱም ታሪክ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ ያልፋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድን ተክል «ጠበቀ» ተብሎ ስሙ የሚመዘገብለት ማን ነው? ከአትክልተኛው፣ ከሠዓሊው፣ ከተመራማሪውና ከሕግ ባለሙያው አስቀድሞ ዘሩን በደኑና በማሳው ያቆየው ገበሬ በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም። የተክሉም ሕልውና ከዚሁ ጋር የተቆራኘ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከአምስተርዳም እንነሳ። ሆርቱስ ቦታኒከስ የተባለው የከተማዋ የዕፀዋት ሥፍራ በ1638 ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ቀማሚዎች ተብሎ ተመሠረተ፤ በ1682 ዛሬ ወደሚገኝበት ፕላንታዠ ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ። ዘመኑ የደች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከቦች ከቅመማ ቅመሙ ጋር ዘርና ችግኝ የሚያጓጉዙበት ዘመን ነበር። ቡና ያኔ በአውሮፓ የታወቀ መጠጥ ቢሆንም ነጋዴው የሚሸምተው በየመኑ የሞካ ወደብ በኩል ነበር። ከኢትዮጵያ ደኖች ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ተራሮች የለማው ይህ ተክል፣ በህንድ የማላባር ጠረፍ በኩል አድርጎ በ1696 ጃቫ ደረሰ። የመጀመሪያው ችግኝ ጠፋ፤ በ1699 ዳግመኛ የተወሰደው ጸደቀ። ይህ እንዲሆን ከወተወቱት አንዱ የአምስተርዳም ከንቲባና የኩባንያው ዳይሬክተር የነበረው ኒኮላስ ዊትሰን ነው። በ1706 ከጃቫ የተላከ የቡና ተክል ወደ ሆርቱስ ገባ።

አትክልተኞቹ ያን ተክል ለሰሜኑ ብርድ አሳልፈው አልሰጡትም። በእሳት በሚሞቅ የተክል ቤት አሳደጉት፤ አበበ፣ አፈራም። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት ከዚያ ዘር አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ገጸ በረከት አቀረቡ። በ1718 ገደማ ቡና ሱሪናም ተተከለ። በፓሪስ የለማውም በ1720ዎቹ አትላንቲክን ተሻግሮ ማርቲኒክ ደረሰ፤ በ1727 ደግሞ ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ብራዚል አለፈ። በአሜሪካ አህጉር ለረጅም ዘመን የተስፋፋው ቡና ብዙው የተወለደው ከዚህች ቀጭን የዘር ሐረግ ነው።

በእነዚያው ዓመታት በከተማዋ ድንቅ የሥዕል ሥራ ይከናወን ነበር። ከ1686 ጀምሮ የሆርቱስን ዕፀዋት ያን ሞኒንክስና ማሪያ ሞኒንክስ፣ ከእነርሱም ጋር አሊዳ ዊቶስና ዮሐና ሄለና ሄሮልት፣ በውሃ ቀለም ይሥሉ ጀመር። የሣሉትም በብራና ላይ ነው። የእኛ ደብተራዎች ለቅዱሳት መጻሕፍት የሚፍቁት ብራና፣ እዚህ ለቅጠልና ለአበባ ዋለ። ከአራት መቶ በላይ ሥዕሎች የያዙት ዘጠኝ ጥራዞች ዛሬም በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። የዮሐና እናት ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ደግሞ በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ታናሽ ሴት ልጇን ይዛ ወደ ሱሪናም ተጓዘች፤ ትሎች ወደ ቢራቢሮነት ሲለወጡ፣ እያንዳንዱም የሚመገበውን ተክል እየተከታተለች ሣለች። በ1705 አምስተርዳም ላይ ያሳተመችው መጽሐፍ ነፍሳትን ከሚኖሩበት ተክል ሳይነጥል በማሳየቱ፣ የሥነ ምህዳር ሳይንስ ስሙን ሳያገኝ በፊት መንገዱን ከጠረጉት ሥራዎች ይቆጠራል።

ሜሪያንን የማከብራት ስለ ሥዕሏ ውበት ብቻ አይደለም። የአንዳንዱን ተክል ጥቅም የነገሯት በባርነት የተያዙ ሴቶችና የአገሩ ተወላጆች መሆናቸውን በመጽሐፏ አስፍራለች። በዚያ ዘመን ይህን ያህል መመስከር ቀላል አልነበረም። ሆኖም የነገሯትን ጻፈች እንጂ የነጋሪዎቹን ስም አልጻፈችም። እነዚያ ሴቶች «ባሪያዎች» ተብለው በወል ይጠቀሳሉ፤ የሠዓሊዋ ስም ግን ሦስት መቶ ዓመት ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል። ከሱሪናም ወደ አምስተርዳም የተጫነውን ቡና የለቀሙትም እንደዚሁ ስም የለሽ ባሮች ነበሩ፤ በዚያች ቅኝ ግዛት ባርነት በሕግ የተሻረው በ1863 ነው።

የእኛ ተክል ስሙም ሌላ ሆነ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ከ1735 እስከ 1738 በሆላንድ ቆይቶ የአምስተርዳሙን ባለጸጋ የጆርጅ ክሊፎርድን የአትክልት ሥፍራ ዕፀዋት መርምሮ መዘገበ። በ1753 ባወጣው ታላቅ ሥራው ቡናን «ኮፊያ አራቢካ» ሲል ሰየመው፤ የዓረብ ቡና ማለቱ ነው። ተንኮል አስቦ አይመስለኝም። አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በዓረብ ወደብ በኩል ነበርና የመጨረሻው ወደብ የመጀመሪያው አገር ተደርጎ ተጻፈ። ለስደተኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስንቶቻችን ነን በመዝገባችን ላይ የተሻገርንበት አገር ከተወለድንበት ጎልቶ የተጻፈብን!

አሁን ስምና ሕልውና ወደሚገናኙበት ቦታ ልምጣ። ቀጭን የዘር ሐረግ በሽታን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። በ1869 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የታየው የቡና ቅጠል ዋግ የደሴቲቱን ቡና በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አጠፋው፤ ገበሬው ወደ ሻይ ዞረ። ጃቫም ተመታች። መልኩ ብዙ፣ ጠባዩ ልዩ ልዩ የሆነው ቡና የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነበር። በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ልዑካን ኢትዮጵያ ገብተው የቡና ዘር የሰበሰቡትም ይህን ተረድተው ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን በገባ ጊዜም የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት በዚያው ምድር ነው፤ በሽታው ካጠቃቸው መካከል ሳይነኩ የቀሩትን ዛፎች ለይተው አባዙ።

በከፋ፣ በሸካና በያዩ ያ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ማንም ስላልደረሰበት አይደለም። ቡና ለቃሚውና ማር ቆራጩ ጥላ ዛፉን ሳይጥል ስለኖረበት፣ ሽማግሌዎችም አንዳንዱን ደን በባሕል ሕግ ስለከለሉት ጭምር ነው። ይህን ዕውቀት በሳይንስ ቋንቋ ለዓለም ካሰሙት ኢትዮጵያውያን አንዱ ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ናቸው። ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2012 እና በ2019 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ የአየር ንብረት ለውጥ የዱር ቡናን ወደ መጥፋት ሊያደርሰው እንደሚችል አሳይተዋል። ዛሬ የዱር አራቢካ ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። የዓለም ቡና ሁሉ መጠባበቂያው ያ ደን ከሆነ፣ የደኑ ነዋሪ ስም አለመጻፉ ጉድለቱ ለእርሱ ብቻ አይደለም። ማን እንደጠበቀው ያልታወቀ ነገር፣ ጠባቂው ሲጎዳና ሲፈናቀል የሚያስተውል አያገኝም።

ከአምስተርዳም ወደ ሮተርዳም የባቡር መንገዱ አጭር ነው፤ ቡናውም ወደብ ፍለጋ ያንኑ መንገድ ተከትሏል። በ1925 እና በ1931 መካከል የተሠራው የቫን ኔለ ፋብሪካ፣ ቡና፣ ሻይና ትንባሆ የሚሰናዳበት የመስታወትና የብረት ሕንፃ ነበር። ሠራተኛው ብርሃንና አየር እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ዓለም አደነቀው፤ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በሮተርዳም የቆላው እጅ ብርሃን አገኘ፤ የለቀመው እጅ ግን እንደ ጥንቱ በጥላ ውስጥ ቀረ።

የዚህች ከተማ ስም ግን ለሌላ በጎ ሐሳብም መጠሪያ ሆኗል። በ1998 አገሮች ተሰብስበው የተፈራረሙት የሮተርዳም ስምምነት፣ አደገኛ ፀረ ተባይና ኬሚካል ወደ ሌላ አገር ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አውቆ እንዲፈቅድ ያዛል። ሐሳቡ ከእኛ ባሕል የራቀ አይደለም፤ ደጅ ሳይጠሩ አይገቡም። በ1992 የወጣው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ደግሞ ይህንኑ ሥርዓት ለዘር አስቀምጦ ነበር፤ የሰውን ዘር ከመውሰድህ በፊት አስፈቅድ፣ ከተጠቀምክም አካፍል ይላል። ይህ ቃል የተፈተነው በዘ ሄግ ነው።

በሚያዝያ 2002 የስምምነቱ አባል አገሮች በዘ ሄግ ተሰብስበው የቦን መመሪያዎች የተባሉትን የፈቃድና የጥቅም ክፍፍል ደንቦች አጸደቁ። በዓመቱ፣ በ2003፣ በዚሁ በሆላንድ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ገባ። በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ሔልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለው የደች ኩባንያ ጋር በጤፍ ዘር ላይ ውል ተፈራረሙ፤ ትርፉን ለመካፈል፣ ምርምርን ለመደገፍ። ያኔ ብዙዎች ለዓለም አርአያ የሚሆን ውል ብለውት ነበር። የአገራችን የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ፣ ቁጥር 482፣ የወጣው ግን በ2006 ነው፤ ውሉ ከሕጉ ቀድሟል። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠ። ፓተንቱ ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ከዱቄቱ የሚሠራውን ሊጥና ምግብ ጭምር የሚነካ ነበር። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ውሉ ባዶ ወረቀት ሆነ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ቆየ።

በኅዳር 2018 የዘ ሄግ ፍርድ ቤት በሁለት የደች ኩባንያዎች መካከል በቀረበለት ክርክር ፓተንቱ በሆላንድ ዋጋ የለውም ሲል ፈረደ። ወሬው በ2019 መጀመሪያ ሲሰማ በየአገሩ ያለን ደስ አለን፤ «ጤፋችን ተመለሰ» ተባለ። ደስታውን ተካፍያለሁ። ነገር ግን ፍርዱ ምን እንዳለ በጥሞና ማየት ይገባናል። ፍርድ ቤቱ ጤፍ የኢትዮጵያ ገበሬ ነው አላለም። ያለው፣ በሂደቱ ውስጥ ፓተንት የሚያሰጥ አዲስ ፈጠራ የለበትም ነው። በችሎቱ ከሳሹም ተከሳሹም ሆላንዳዊ ነበሩ፤ የአዳና የጎጃም ገበሬ ተከራካሪ ሆኖ አልቀረበም። እናም የእነርሱ ባለቤትነት ጥያቄ ሳይነሳ መዝገቡ ተዘጋ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል የአገራችን ሰው። አጥሩ ተጠገነ፤ ባለቤቱ ግን አሁንም አልተጠራም።

ልዩነቱ ዓይንን የሚስብ ነው። ቡና ስሙን ሲያጣ ጤፍ አላጣም፤ በ1775 ጣሊያናዊው ዙካኚ በሳይንስ ሲሰይመው «ተፍ» የሚለውን የአገሩን ቃል ጠብቆለታል። ስለዚህ የተክሉ ስም በአማርኛ መጻፉም ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው የጠባቂው ስም ነው። ይህን ቀድመው የተረዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩን። ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሪቱን የዘር ባንክ ሲመሩ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት ብለው ሠርተው አሳዩ፤ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም የአፍሪካን ቡድን እየመሩ የገበሬውና የማኅበረሰቡ መብት በዓለም አቀፍ ሕግ እንዲሰፍር ተከራከሩ፤ በ2000 ያንኑ ሽልማት አገኙ፤ በ2023 አረፉ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ሕግ ደግሞ ገበያው የሚገባው ቡና ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ መሆኑን ለማረጋገጥ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም፣ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የአውሮፓ መዝገብ የኢትዮጵያን ገበሬ ማሳ ፈልጎ መምጣቱ ነው። አመጣጡ ግን በጥርጣሬ ነው፤ ደን አለማጥፋቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል እንጂ ደኑን ስላቆየ ማንም አልመሰከረለትም። ማስረጃ ማቅረብ ያቃተው ባለ ትንሽ ማሳ ከገበያ ቢወጣ፣ ቀጥሎ የሚወድቀው የጥላው ዛፍ ነው።

እኛ በዚህ አገር የምንኖር ቡናውን ቆልተን፣ እንጀራውን ጋግረን ልጆቻችንን የምናሳድግ፣ ከዚህ ታሪክ ቢያንስ አንድ ሥራ ይጠብቀናል። የደች ቋንቋና ሕግ የተማሩ፣ በዕፀዋት ሳይንስና በሥዕል የሠለጠኑ ልጆች አፍርተናል። እነዚያ የሆርቱስ ጥራዞች፣ የኩባንያው መዛግብትና የዘ ሄግ ፍርድ በደጃቸው ናቸው። የከፋውን ደን ጠባቂና የአዳውን ጤፍ ዘሪ ከእነዚህ ወረቀቶች ጎን በስማቸው የሚጽፍ መዝገብ እስካሁን የለም። መጻፍ የምንችለው እኛ ነን፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ሳሉ።