ልጆቼን በጀልባ ቤተ መጻሕፍት የወሰድኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። እሱም አሁን የልጆች አባት ሆኗል። «ቲቸር፣ ልጆቹ ከስልክ ላይ አልነሳ አሉኝ፤ መጽሐፍ እንዲወዱ የት ልውሰዳቸው?» ይላል። በአጭሩ ልመልስለት ጀምሬ ረዘመብኝ፤ ስለዚህ ለሁላችሁም እዚሁ ላውጣው። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ የሴሚስተሩን እረፍት ጠብቀን ከቤተሰቤ ጋር ባሕር ዳር ሄድን። ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ 8 ዓመቱ ነበር። የጀልባው ኪራይ በአስተማሪ ደሞዝ የሚቻል ስላልነበረ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብለን ወጣን። ልጆቹ የጓጉት ጉማሬ ለማየት ነው። የእኔ ሐሳብ ግን ቤተ መጻሕፍት ላሳያቸው ነበር።

«ሐይቅ ላይ ደግሞ ምን ቤተ መጻሕፍት አለ?» እንዳትሉኝ። የጣና ገዳማት እኮ ከጸሎት ቤትነታቸው ሌላ የአገሪቱ ትልልቅ የመጻሕፍት ግምጃ ቤቶች ናቸው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ደሴቶች ላይ መነኮሳት ከሰፈሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የክብራን ጅማሬ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ጋር ይያያዛል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፍየሉና በጉ እየታረደ፣ ቆዳው እየተፋቀና በችንካር እየተወጠረ፣ ቁም ጸሐፊው ፊደል በፊደል እየጻፈ መጽሐፍ ሲጠራቀም ኖሯል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚፈጅ ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሹ «ታዲያ ሥጋውን ማን በላው?» አለኝ። ጀልባ ነጂው በሳቅ ሞተሩን ሊያጠፋው!

ደሴት ለምን ተመረጠ? አንዱ ምክንያት ከዓለም ለመራቅ ነው። ሌላውን ታሪክ በኋላ ጨመረበት። ከ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኩሬ ውጊያ እስከ 1535 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፣ ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና እየሸሸ ይደበቅ ነበር። ውሃ ሁሉን ባያድንም ብዙ አድኗል። የብስ ላይ የቀረው መጽሐፍ ምን እንደደረሰበት ለማወቅ ጎንደርን ማየት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ የአድባራቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወደ ባሕር አወረደው። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በመርከብ ለንደን ገብተው እስከ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ጎንደር ውስጥ የተረፈውን በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አቃጠሉት።

እንግዲህ አስቡት። ጀልባ አንዱን መጽሐፍ ከእሳት አሸሸ፣ መርከብ ሌላውን ከአገር አስወጣ።

ክብራን ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም። ደርሰን ወረድን። እዚህ ላይ ነው ያልተዘጋጀሁበት ነገር የገጠመኝ። ክብራን ሴት አይገባም። እኔ ይህን አውቃለሁ፣ እናቷም ታውቃለች፤ ለልጄ ግን አስቀድሜ አልነገርኳትም። ታናሽ ወንድሟ እጄን ይዞ ሲወጣ እሷ ከእናቷ ጋር ጀልባው አጠገብ ቀረች። ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው የከበደኝ።

ላይ ወጥተን አንድ አባት እቃ ቤቱን ከፍተው መጻሕፍቱን አሳዩን። ክብራን ዕድሜው ወደ 600 ዓመት የሚጠጋ፣ ሥዕል ያለው የታወቀ ወንጌል አለው። በእንግሊዞች አቆጣጠር በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባሉ ምሁር ጣና ድረስ መጥተው የገዳማቱን መጻሕፍት ፊልም አንስተው፣ ከ1973 ጀምሮ በጀርመንኛ ካታሎግ ሲያሳትሙ አንድ ቁጥር የሰጡት ይህንኑ ወንጌል ነው። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ወደብ ላይ ነበር።

ስንመለስ ልጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አባዬ፣ መጻሕፍቱን አንብባ የምታውቅ ሴት የለችም?»

የገዳሙን ሥርዓት አከብራለሁ፤ ይህ ጽሑፍም ሥርዓቱን ለመተቸት አይደለም። ለልጄ ግን መልስ ነበረብኝ። በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት ታሪክ ትዝ ያለኝ ጀልባው ወደ ዘጌ ሲዞር ነው።

«አለች እንጂ!» አልኳት። «በዚሁ ሐይቅ ላይ በታንኳ የተመላለሰች፣ ወለተ ጴጥሮስ የምትባል።»

ከታላላቅ ቤተሰብ የተወለደች፣ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ሚስት ነበረች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ባሏን ትታ መነኮሰች። ንጉሡ ፊት ቀርባ ተከራከረች፣ ተጋዘች፣ ግን አልተመለሰችም። ሰባት ማኅበራት መሠረተች፤ አንዱ እዚሁ ዘጌ ነው። በእንግሊዞች አቆጣጠር በ1642 ዐረፈች። ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ፣ የሚያውቋት ሰዎች የነገሩትን ይዞ ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ዛሬ የዓለም ምሁራን እየተረጎሙ የሚያጠኑት መጽሐፍ ነው።

«ስለዚህ ስለ ሴት የተጻፈ መጽሐፍም እቃ ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም። ልክ ነበረች።

ዘጌ ወርደን በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። እዚያ ሴት ይገባል። ንዋየ ቅድሳቱን የሚያሳዩ አንድ አባት ልጄ ከኋላ ቆማ ስታዩዋት «ነይ ልጄ፣ ቅረቢ» ብለው ብራናውን ገለጡላት። «ይህን ታነቢዋለሽ?» አሏት። ፈራች። ከዚያ ጣቷን ሳታስነካ፣ ከላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። ትርጉሙ አልገባትም፣ ግዕዝ ነዋ! ፊደሉ ግን አንድም አልጠፋባትም። አባም «ይኸው፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የጻፈው ሰው አሁን አነጋገረሽ» አሏት።

ጎበዝ፣ ይህን ነገር ቀለል አድርገን አንየው። የብዙ አገር ሕዝብ የአያቶቹን የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል። የእኛ የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ከመቶ ዓመታት በፊት የተጻፈውን ፊደል አይታ ድምፅ ታወጣለች። መቅደላ የተዘረፈው፣ ጎንደር የተቃጠለው ሁሉ ይህን አልነጠቀንም። የሚነጥቀን ነገር ካለ ልጆቻችንን መጽሐፍ ፊት ሳናቆም መቅረታችን ነው።

ማታ ባሕር ዳር ተመልሰን በእግር ስንሄድ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት መንገድ ዳር በሸራ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ወጣት አገኘን። ደመና ስለነበረ ላስቲኩን አጠገቡ አጣጥፎ አስቀምጧል። ልጄ ላስቲኩን አይታ «ይሄም እንደ ገዳሙ መጽሐፍ ማኅደር ነው» አለች። እዚያ በቆዳ ማኅደር፣ እዚህ በላስቲክ፤ ከዝናብ የሚከላከልለት ሰው ያለው መጽሐፍ ይተርፋል። ለሁለቱም አንዳንድ የተረት መጽሐፍ ገዛሁላቸው። ኪሴ ውስጥ የቀረው ከዚያ በላይ አያስገዛም ነበር። ልጁ የእኔን ሁኔታ አይቶ መሰለኝ፣ ሦስተኛውን «ነገ እስክትሄዱ አንብባ ትመልስልኝ» ብሎ በነፃ ሰጣት። ጠዋት መናኸሪያ ከመግባታችን በፊት ራሷ መለሰችለት፤ አንብባ ጨርሳው ነበር።

በአውቶቡስ ስንመለስ ዞር ብዬ ባይ ትንሹ ልጅ በእህቱ ደብተር ላይ ይሥላል። ክብራን ያየውን የወንጌል ሥዕል ነው፤ ዓይናቸው ትልልቅ የሆኑትን ሰዎች። እሷ እየጠየቀችው፣ እሱ እየሣለላት። «መጽሐፉን ስንት ሆነው ያነባሉ? ቀለሙስ ምን ዓይነት ነው?» ትለዋለች። ማየት ያልቻለችውን በጥያቄ አስወጣችው።

ወዳጄ ተማሪዬ፣ መልሴ ይኸውልህ። ዛሬ መንገዱ እንደ ያኔው አይደለም፤ ስንት ልጅ እንኳን ጀልባ ሊሳፈር ትምህርት ቤቱም ተዘግቶበታል። ጣና ካልተቻለህ አዲስ አበባ ካለህ ወመዘክር አለልህ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ቤት ነው። ክፍለ ሀገር ከሆንክ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት፣ እሱም ከሌለ የመንገድ ዳሩን ሻጭ ፈልግ። ብቻ ልጆቹን ይዘህ ሂድ። ሴት ልጅህ የማትገባበት ቦታ ካለም አስቀድመህ ንገራት፤ የእኔን ስህተት አትድገም።

ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ የልጆች መጽሐፍ ያላችሁ፣ ለጎረቤት ልጅ አውሱ። ከዚያ እናንተንስ መጀመሪያ መጽሐፍ ፊት ያቆማችሁ ማን ነበር? እስቲ ከታች ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።

ሰላም እደሩ።