ዜና አዋልደ ማሊ

የቀደሙት ጸሐፍተ ትእዛዝ የነገሥታትን ዜና መዋዕል ሲጽፉ፣ ንጉሡ በምን ወር ከየትኛው ሰፈር ተነሥቶ በየትኛው ወንዝ ዳር ድንኳኑን እንደ ተከለ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደ ተሰለፈ፣ ምርኮውም ስንት እንደ ነበረ አንድ በአንድ ይቈጥሩ ነበር፤ ሴቶችን ግን እቴጌ ካልሆኑ ወይም ለመስፍን ካልተዳሩ በቀር እምብዛም አያነሧቸውም። እኔ ዛሬ የምጽፍላቸው ዘውድ አልጫኑም፤ የሚዋጉበትም ምድር ርዝመቱ 28 ወርዱ 15 ሜትር የሆነ ወለል ነው፤ ቢሆንም ዘመቻቸው ሰፈር አለው፣ ድል አለው፣ መከራም አለውና አጻጻፉን ከእነዚያ ሊቃውንት ብዋስ የሚነቅፈኝ አይኖርም ብዬ እገምታለሁ። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር ዘመኑ የተቈጠረው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የአፍሪካ ሴቶች በቅርጫት ኳስ ለአህጉር ዋንጫ መጀመሪያ የተሰበሰቡት በ1966 በጊኒ መናገሻ በኮናክሪ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ የምትባለው ግብፅ ድል አደረገች። ከዚያ በኋላ የሴኔጋል ሴቶች ተነሥተው ዐሥራ አንድ ጊዜ ዋንጫውን ወሰዱ፤ የያኔዋ ዛየርም በመካከል በመካከል ነጠቀቻቸው። የማሊ ስም ግን በድል መዝገብ የገባው እጅግ ዘግይቶ፣ በ2007 ነው፤ በዚያ ዓመት የማሊ ሴቶች ወደ ዳካር ወርደው ሴኔጋልን በገዛ ከተማዋ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት በፍጻሜው ጨዋታ አሸነፉ። ከእነርሱ መካከል በ2005 በአሜሪካ ከሳክራሜንቶ ቡድን ጋር የሴቶቹን ሊግ ዋንጫ ያነሣችው ሃምቼቱ ማይጋ ነበረች፤ በተከታዩም ዓመት እነዚህ ሴቶች ወደ ቤይጂንግ ኦሎምፒክ ተጓዙ።

የታናናሾቻቸው ታሪክ የሚጀምረው ከዳካሩ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዕድሜያቸው ከዐሥራ ስድስት ያልበለጠ ልጃገረዶች የሚወዳደሩበት የአፍሪካ ሻምፒዮና በ2009 ሲመሠረት የተሰየመው በባማኮ ነበር፤ ባማኮ የማሊ መናገሻ ስትሆን የኒጀር ወንዝ፣ የአገሩ ሰዎች ጆሊባ የሚሉት፣ በመካከሏ ያልፋል። ዋንጫውም ከዚያው ከወንዙ ዳር አልወጣም፤ ባለቤቶቹ ልጆች አስቀሩት። በሚከተለው ዓመትም እነዚሁ ልጆች ለመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሮዴዝና ወደ ቱሉዝ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በእስክንድርያ፣ በማፑቶ፣ በአንታናናሪቮ፣ በቤይራ እያለ ዞረ፤ ሰፈሩ ተለዋወጠ እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን ዋንጫ ይዘው የሚሄዱት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰንደቅ ያላቸው ልጆች ነበሩ። ይህን ቀለም ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነጻ ሲወጡ ከእኛ እንደ ተዋሱት የታወቀ ነውና፣ የአዲስ አበባ ሰው ያንን ሰንደቅ ሲውለበለብ ሲያይ አንድ አፍታ ልቡ ቢያታልለው አይፈረድበትም። ለእኛ ልጃገረዶች የዚህ ሻምፒዮና መንገድ የሚያልፈው በአምስተኛው ቀጠና ማጣሪያ በኩል ነው፤ በዚያም ቀጠና ግብፅ በር ላይ ተቀምጣለች።

የውድድሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ጎዶሎ በሆነው ዓመት ከዐሥራ ስድስት በታች ያሉት፣ ሙሉ በሆነው ዓመት ከዐሥራ ስምንት በታች ያሉት ይሰለፋሉ፤ ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ አገሮች በሚመጣው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ይሄዳሉ። የሚቈጠረው የልደት ዓመት ነውና በአንድ ዓመት በጃንዋሪ የተወለደችና በዲሴምበር የተወለደች እኩል ናቸው። ልጅቱ እንደ ልብሷ ዕድሜዋ ሲጠባት ትወጣለች፤ ስለዚህ የዚህ ዋንጫ ባለቤት አገር እንጂ ሰው አይደለም፤ ድል ካደረጉት ልጆች አብዛኞቹ ተመልሰው ሊከላከሉት አይችሉም። ታላላቆቹ ተጫዋቾች በአንድ ስም ዐሥር ዓመት ሲነግሡ፣ የእነዚህ ዘመነ መንግሥት ሁለት ክረምት ነው።

በ2019 ውድድሩ በኪጋሊ ተደርጎ ማሊና ግብፅ ለዓለም ዋንጫ በቁ፤ የሚሄዱበትም ከተማ በሩማንያ ክሉዥ ናፖካ ነበር። ነገር ግን ኮሮና የሚሉት መቅሠፍት በዓለም ላይ ወርዶ ውድድሩ ተሰረዘ። ትልልቆቹ ኦሎምፒክ አንድ ዓመት ሲዘገይባቸው ዘገየ እንጂ አልቀረባቸውም፤ እነዚህ ልጆች ግን ዓመቱ ዕድሜያቸውን ይዞባቸው ሄደ። በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን ኪሳራዎች ሁሉ እንደዚህ ያለ ድምፅ ሳያሰማ ያለፈ ጥቂት ነው።

ታላላቆቻቸው በዚያው ክፉ ዓመት መጨረሻ፣ በዲሴምበር 2020፣ ወደ ካይሮ ተሰብስበው ከዐሥራ ስምንት በታች ያለውን ዋንጫ ለማሊ አመጡ። ይህም ለሃንጋሪ የዓለም ዋንጫ አበቃቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጌታው ሲል የሚጽፍ ጸሐፊ ይዘለው ነበር፤ እኔ ግን ጌታ የለኝም።

በሰኔ ወር 2013 ዓመተ ምሕረት፣ ልጃገረዶቹ ለጉዞ ሊነሡ ሁለት ወር ያህል ሲቀራቸው፣ በማሊ የቅርጫት ኳስ ቤት ውስጥ አሠልጣኞችና ሹማምንት ለዓመታት በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ ያደርሱት የነበረው የግብረ ሥጋ ጥቃት በአሜሪካ ጋዜጣና በሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ለዓለም ተገለጠ። ልጅቱ እሺ ካላለች ከቡድኑ ስሟ ይሰረዛል፤ ከአገር መውጣትም፣ ነጻ የትምህርት ዕድልም፣ ደመወዝም በዚያው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ የነገሩ አሠራር ይኸው ነበር። ከወጣቶቹ አሠልጣኞች አንዱ በባማኮ ተከሶ ታሠረ። የዓለሙ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ካናዳዊውን የሕግ ሊቅ ሪቻርድ ማክላረንን መርማሪ አድርጎ ሾመ፤ እርሱም በሴፕቴምበር ባወጣው ጽሑፍ በደሉ የጥቂት ሰዎች ስሕተት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ሥር ሰድዶ የተለመደ መሆኑን አስታወቀ። ኳስ ይዛ ወደ ሜዳ የምትወጣ ልጅ ከተቃራኒዋ ትከሻ በላይ የራሷን ቤት መፍራት ይገባት ነበርን? ደግሞም ብዙዎቹ የተናገሩት ስማቸውን ሰውረው ነው፤ ለምን እንደ ሰወሩ መጠየቅ የሚያሻው ያለ አይመስለኝም።

ልጆቹ ግን ሄዱ። የዓለም ዋንጫው በደብረጼን ከተማ የተጀመረው በ2013 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ 1 ቀን፣ በእኛ ዘንድ የፍልሰታ ጾም በሚገባበት ዕለት ነበር። ዐሥራ ስድስት አገሮች በአራት ምድብ ተከፈሉ፤ አሠራሩም ከምድብ ማንንም የማያሰናብት፣ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጊዜ የተሸነፈውን ከዋንጫው መንገድ የሚያስወጣ ነው። የማሊ ልጆች የመጀመሪያውን መሰናክል አለፉ፤ ሩብ ፍጻሜውንም አለፉ። በዚህም በሴቶች የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ቡድን ሆኑ። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሞቻቸው በቀርጤስ እስከ ፍጻሜው ደርሰው በአሜሪካ 93 ለ 79 ተሸንፈው ነበርና፣ በአንድ አገር ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ መሆኑ እጅግ ያስደንቃል። ግማሽ ፍጻሜውን ተሸነፉ፤ ሦስተኛነቱንም ባለቤቲቱ ሃንጋሪ ወሰደችባቸው። አራተኛ ሆኑ።

በዚያ ጉባኤ ከሁሉ የላቀች የተባለችው አሜሪካዊቷ ኬትሊን ክላርክ ስትሆን፣ ከአምስቱ ምርጦች አንዷ ሲካ ኮኔ ሆነች፤ በ2002 በባማኮ የተወለደች፣ ከቅርጫቱ ነጥራ የምትመለስ ኳስ ለሌላ የማታስቀር ረጅም ልጅ ናት። በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የተጫዋቾች ምርጫ የኒው ዮርክ ቡድን በ29ኛ ተራ ስሟን ጠራ። ከቡድን ጓደኞቿ መካከል ስማቸው ከነጥብ መመዝገቢያው ወረቀት ያልወጣ አሉ፤ ያን ጊዜ መናገር የደፈሩትና ዝም ያሉት እነማን እንደ ሆኑ ግን ወረቀቱ አይለይም።

በዚያው በ2022፣ በኦገስት ወር፣ ከዐሥራ ስምንት በታች ያሉት በማዳጋስካር መናገሻ በአንታናናሪቮ ተሰበሰቡ፤ ማሊም እንደገና ዋንጫውን አነሣች። በሕጉ መሠረት በዚያ ሜዳ የቆመችው ልጅ ሁሉ በ2004 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደች ናት፤ የመጀመሪያው ዋንጫ በባማኮ በተነሣ ጊዜ ከመካከላቸው ትልቋ ገና አምስት ዓመቷ ነበር።