ስለ ፊደል ቆጠራና ስለ አቡጊዳ

የቄስ ትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰዎች «ልጅ ሳይገባው የሚያነበንብበት ትምህርት ነው» እያሉ ሲነቅፉት እንሰማለን። ነቀፌታው በከፊል እውነት ነው፤ አለንጋውም ሆነ ልጁ በማይሰማው በግዕዝ ቋንቋ ንባብ መጀመሩ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን መምህራኑ ፊደል ያስቆጥሩበት የነበረውን ሥርዓት ቀረብ ብለን ስንመረምረው፥ ለዚሁ ለሽምደዳ ማርከሻ የሚሆን ነገር አስቀድመው ያኖሩበት መሆኑን እንረዳለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ስለ ፊደሉ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባል። ጥንት ፊደላችን የአናባቢ ምልክት አልነበረውም። በቀደሙት የአክሱም ድንጋዮች ላይ «በ» የተባለችው ፊደል እንደ ቃሉ ጠባይ ቡም፥ ቢም፥ ባም ሆና ትነበብ ነበር፤ ስለዚህ ቃሉን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ጽሕፈቱን አይቶ ድምፁን ለማግኘት ይቸገር ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሥ ዔዛና ዘመን፥ አናባቢው በፊደሉ አካል ላይ ተለይቶ መጻፍ ጀመረ። ቡ ከጎኗ፥ ቢ ከእግሯ ጭረት አወጡ፤ ቤ ቀለበት አሰረች። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ሆነና ዛሬ 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህ ቍጥር ለሕፃን ብዙ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል ስሙ ድምፁ ነው። «ባ» ተብሎ የተጠራው «ባ» ተብሎ ይነበባል። በስም ለይቶ መጥራት ያስፈለገው ድምፃቸው በአማርኛ አንድ ለሆነው ለነሃሌታው ሀና ለሐመሩ ሐ፥ ለእሳቱ ሰና ለንጉሡ ሠ ብቻ ነው።

ይህ ምን ያህል ድካም እንደሚያቀል የሚታወቀው ከአውሮጳ ጋር ሲያስተያዩት ነው። እዚያ ልጅ በመጀመሪያ «ቢ»ን እና «ኤ»ን በስማቸው ያጠናና ሁለቱ ሲገናኙ «ባ» በል ይባላል። ከስሙ ወደ ድምፁ የሚያሻግር ድልድይ የለውም። ጀርመናዊው ቫለንቲን ኢከልሳመር በ1527 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ልጆች የፊደሉን ስም ሳይሆን ድምፁን ይማሩ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ግን በዚያ አልበረደም፤ በአሜሪካ ሩዶልፍ ፍሌሽ በ1955 ስለዚሁ ነገር የጻፈው መጽሐፍ ብዙ አነጋግሯል። እነዚያ የተከራከሩበትን ድምፅ የእኛ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአፉ ይዞታል።

ሆኖም የእኛም ሥርዓት የራሱ ወጥመድ አለበት፤ ይኸውም ዜማው ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ እየተባለ በቅደም ተከተል ሲዘመር ጆሮ ይለምደዋል፥ ዐይን ግን ያንቀላፋል። እኛም በልጅነታችን ገበታውን ከዳር እስከ ዳር እንወርደው ነበር። አንድ ቀን መምህራችን በስንደዶ ሜን ብቻ ነክተው «ይህች ማን ናት?» ቢሉን፥ በልባችን ከመ ተነሥተን ሙን፥ ሚን፥ ማን ካልቈጠርን መልሱን ማግኘት አልቻልንም። ያወቅነው ዘፈኑን እንጂ ፊደሉን አልነበረም።

አቡጊዳ የተዘጋጀው ለዚህ ነው ብንል አንሳሳትም። አ ከግዕዙ፥ ቡ ከካዕቡ፥ ጊ ከሣልሱ፥ ዳ ከራብዑ፥ ሄ ከኃምሱ፥ ው ከሳድሱ፥ ዞ ከሳብዑ ይወሰዳል። የፊደላቱ ተራ ሀለሐመ መሆኑ ቀርቶ የዕብራይስጡን አሌፍ፥ ቤት፥ ጊሜል ይከተላል። ስለዚህ ልጁ አንዱን ቤት ጀምሮ ዜማው ወደ ሌላው ሊወስደው አይችልም፤ በየፊደሉ ላይ ቆሞ፥ አካሉን አይቶ፥ ጭረቱን ለይቶ መጥራት ግድ ይሆንበታል። በእርግጥ አቡጊዳውም ራሱ ሲደጋገም ይሸመደዳል፤ መምህሩ ወደ ላይም ወደ ታችም እያዘዋወረ ካልጠየቀ ጥቅሙ ያንሳል። በ1990 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ፒተር ዳንኤልስ የተባለው የቋንቋ ሊቅ፥ የህንድን ጨምሮ እንዲህ ላለው የጽሕፈት ወገን ሁሉ መጠሪያ እንዲሆን የመረጠው ይህንኑ «አቡጊዳ» የሚለውን ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይሻገራል። በቁጥር እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይጠራል፤ ቀጥሎ በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ አለፍ እያለ ቃሉን ያገናኛል፤ ዳዊትም ይከተላል። እነዚህ ደረጃዎች በከንቱ የተደረደሩ አይደሉም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይገልጥም፤ «ገና» የሚለው ጽሕፈት ሲጠብቅ በዓሉ፥ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። ሳድሱም አንዳንዴ ይነበባል፥ አንዳንዴ ይዋጣል። ይህን ልጁ ከገበታው አያገኘውም፤ የሚያነብለትን ሰምቶ፥ አንብቦም ተሰምቶ ብቻ ያውቀዋል።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ተስፋፋ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ሺህ ጎልማሶች ፊደል አስቆጠረ። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ተገኝተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረትም፥ የክፍል መጣበብም አለበት። በየክፍሉ ሀሁ በዜማ ወርዶ በዜማ የሚያልቅ ከሆነ ግን፥ መምህሩ ማን እንዳወቀና ማን እንደዘፈነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ለዚህ ፈተና የተለየ መሣሪያ አይገዛም፤ አቡጊዳው በዚያው በፊደል ገበታ ላይ ከሀሁ ጋር ታትሞ ይሸጣል፥ የቀረው አንድ ስንደዶ ነው።