ደም መጣጭ ሬዱቪዶችን በዝርያ የመለየት ታሪክ

በሞቃታማው የላቲን አሜሪካ ክፍል፣ በጭቃ በተመረጉ ቤቶች የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተሸሽገው ሌሊት የተኛ ሰው ደም የሚመጡ፣ ከትኋን ጋር የሚዛመዱ ነፍሳት አሉ። ፊትን ስለሚነክሱ የብራዚል ገጠሬዎች «ባርቤይሮ»፣ ማለትም ጢም ላጭ፣ ይሏቸዋል። የሚመደቡበት የሬዱቪዴ ቤተሰብ በአብዛኛው ሌሎች ነፍሳትን እየወጋ የሚገድል አዳኝ ሲሆን፣ ደም መጣጮቹ ትሪያቶሚኔ የተባለው ንዑስ ቤተሰብ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1773 የገለጸው ስዊድናዊው ደ ጌር ነው። በ1834 ክሉግ ትሪያቶማ ኢንፌስታንስን፣ በ1859 ደግሞ ስቶል ሮድኒየስ ፕሮሊክሰስን ገለጹ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሥራ በደረቀ ናሙና ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ ነፍሳቱ የት እንደሚኖሩና ማንን እንደሚነክሱ እምብዛም አልተመረመረም።

ይህ የተለወጠው ካርሎስ ሻጋስ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከወባ እንዲጠብቅ ወደ ሚናስ ዤራይስ ከተላከ በኋላ ነው። ሻጋስ በባርቤይሮ አንጀት ውስጥ ተውሳክ አገኘ፤ በ1909 ያንኑ ተውሳክ በአንዲት ሕፃን ደም ውስጥ አየ። ተውሳኩ በአገራችን ከብት ከሚጎዳው የገንዲ ተውሳክ ጋር አንድ ወገን ነው። የሚተላለፈው ግን በንክሻው ሳይሆን ነፍሳቱ በሚጥሉት ዓይነ ምድር ነው። ከዚያ ወዲህ ዝርያን መለየት የሙዚየም ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ።

መለያው ለተማሪም የሚከብድ አይደለም። የአዳኙ መምጠጫ አፍ አጭርና ቆልመም ያለ፣ የደም መጣጩ ግን ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። ቀጥሎ የአንቴናው መነሻ ይታያል፤ በሮድኒየስ ከራሱ ጫፍ አጠገብ፣ በትሪያቶማ ከጫፉና ከዓይኑ መካከል፣ በፓንስትሮንጂለስ ዓይኑ ሥር ነው። ሌንትና ቪጎድዚንስኪ በ1979 ያሳተሙት ታላቅ ጥናት 111 ዝርያዎችን አጠቃሎ ለረጅም ጊዜ የሁሉ መመሪያ ሆኗል። ዛሬ የሚታወቁት ከ150 በላይ ናቸው።

አስቸጋሪው ግን ዓይን የማይለየው ነው። ላሩስ በ1927 የገለጸው ሮድኒየስ ሮቡስተስ በዘንባባ ዛፍ ላይ የሚኖር ሲሆን፣ ቤት ውስጥ ከሚገኘው ፕሮሊክሰስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በማዕከላዊ አሜሪካ ፕሮሊክሰስ ከቤት ውጭ መኖሪያ ስላልነበረው የቤት ለቤት ርጭት በቅቶታል፤ ጓቲማላ በ2008 በዚህ ነፍሳት አማካይነት የሚደረገው መተላለፍ መቋረጡ ተረጋግጦላታል። እዚያው አገር ያለው ትሪያቶማ ዲሚዲያታ ግን ከቤት ውጭም ስለሚኖር፣ ከርጭቱ ሌላ ግድግዳን መለሰንና ወለልን ማሻሻል ግድ ሆኗል።

በቬኔዝዌላ ክርክሩ ጠንከር ያለ ነበር። የዘንባባው ነፍሳት ሮቡስተስ ብቻ ከሆነ የተረጨው ቤት ነጻ ሆኖ ይቆያል፤ ፕሮሊክሰስ ከሆነ ግን ከጫካ እየመጣ እንደገና ይሰፍራል። የአካልን ቅርጽ ብቻ ይዞ ይህን መወሰን ለባለሙያም አዳጋች ነበር። በ2003 የወጣ የዘር ቅንጣት ምርመራ ሁለቱ የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ደገፈ። በ2008 የታተመው ሌላ ጥናት ከዘንባባና ከቤት የተሰበሰቡትን አነጻጽሮ፣ በዘንባባው ላይ እውነተኛው ፕሮሊክሰስ እንደሚኖርና ቤቶችንም እንደሚወርር አሳየ። ስለዚህ በዘንባባ አካባቢ ላሉ መንደሮች አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው ሳይሆን፣ ቤቶቹን ዘወትር መቈጣጠር አስፈላጊ ሆነ።