የኮንትሮባንዲስቱ እንግዳ

እንግዲህ ስሙ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ቀትር አልፎ ጫቱ ከገባ ወዲያ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሰበሰባል። ያኔ የማይነሣ ጨዋታ የለም። የወደቡ ወረፋ፣ የነዳጁ ዋጋ፣ የፍራንኩ ምንዛሪ ተወርቶ ሲያልቅ አንዱ ይነሣና «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚሉት ነገር እውነት ነው?» ይላል። ሳቅ ይሆናል። በሌላ ጉዳይ የማይስማሙት ሶማሌው፣ አፋሩና ሐበሻው እዚህ ላይ ይስማማሉ፦ አባታችን አዳም ነው፣ አለቀ። ግን በዚህች ጥያቄ ምክንያት እንጀራውንም አገሩንም ያጣ ሰው በዚሁ ወደብ አልፏል። የሱን ልንገራችሁ።

ዘመኑ 1921 ዓ.ም. ነው። ተፈሪ መኰንን መስከረም 27 ቀን ንጉሥ ተብለው ዘውድ ከደፉ ገና ወራት ናቸው። ያኔ ከማርሴይ የተነሣ መርከብ አንድ ረጅም ቀጭን የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ጅቡቲ ላይ አወረደ። ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው 47፣ ሙያቸው ድንጋይና የጥንት አጥንት መመርመር። የጋበዛቸውን ሰው ስም ስትሰሙ ደግሞ ትገረማላችሁ፦ አንሪ ደ ሞንፍሬ! ጠመንጃና ሐሺሽ በቀይ ባሕር የሚያሻግር፣ ሰልሞ አብዱል ሐይ የተባለ፣ ኦቦክ ላይ ቤት ሠርቶ ድሬዳዋ ላይ የዱቄት ፋብሪካ የተከለ ፈረንሳዊ። ከሁለት ዓመት በፊት መርከብ ላይ ተዋውቀው ተዋደዱ። ቄስና ኮንትሮባንዲስት በምን ተግባቡ አትበሉኝ፤ ሁለቱም አለቃ የሚቆጣቸው ሰዎች ነበሩ።

(ከዚህ በኋላ ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ ነገሩም የፈረንጅ ነው።)

አባ ቴያር ቀደም ሲል ፓሪስ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ሰው ከቀደመ እንስሳዊ ፍጡር ቀስ በቀስ እንደመጣ አጥንቱን አይተው አምነዋል፤ ክርስቶስንም አልተዉም። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ቀስ በቀስ ከሆነ አዳም የሚባለው የትኛው ነው? ትእዛዝ የተቀበለው፣ የጣሰው፣ ሞትን ያመጣው ማን ነው? የአዳም በደል ከሌለ መድኃኔ ዓለም የካሠው ምንን ነው? ይህን እንደ ሐሳብ መነሻ በወረቀት አሰፈሩት፤ ወረቀቱ ከእጃቸው ወጥቶ ሮም ገባ። በ1925 በውርስ ኃጢአት ትምህርት ላይ የተዘጋጀ ቃል እንዲፈርሙ ታዘዙ። ፈረሙ። የማስተማሩ ሥራ ቀረ፣ ቻይና ተላኩ። ስለ ድንጋይና ስለ አጥንት ጻፍ፣ ስለ አዳም ግን ዝም በል ተባሉ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ሻይ ቤት የሚስቀው ሰውና ሮም የተቆጣው ካርዲናል አንድ ጥያቄ መያዛቸው ነው። ዝንጀሮ አያት ነው አይደለም የሚለው ቀላሉ ነው፤ ሳይንሱም ራሱ ዛሬ ዛፍ ላይ ያለው ዝንጀሮ አያትህ ነው አይልም፣ ከአንድ የጥንት ዘር ተከፋፈላችሁ ነው የሚለው። ከባዱ ሰው ምንድን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ በሥራው ይጠየቃል የሚለው ነው።

በእኛም ቤት አለ እኮ። ዕንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር በባሕረ ሐሳብ 5500 ዓመተ ኩነኔን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምረን ከሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ሆነ እንላለን። አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ፣ የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ልጁ የኔታ ዘንድ ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት ይቆጥራል፣ ከሰዓት ባዮሎጂ ክፍል ገብቶ ሌላ ይቆጥራል። ሁለቱን መምህራን አንድ ላይ አስቀምጦ ያነጋገረለት የለም። ለፈተናው አንዱን፣ ለነፍሱ አንዱን ይዞ ያድጋል።

አሁን ደግሞ «ፈረንጆቹ አጥንት ራሳቸው ሠርተው ቀብረው አገኘን አላሉም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ብለዋል! ያውም አባ ቴያር እዚያው ነበሩ። በ1912 ቻርልስ ዶውሰን የሚባል ሰው እንግሊዝ አገር ፒልትዳውን ላይ የመጀመሪያውን ሰው አገኘሁ አለ፤ ራሱ የሰው፣ መንጋጋው የዝንጀሮ። በተከታዩ ዓመት በቁፋሮው የነበሩት ወጣቱ ቴያር ክራንቻውን ጥርስ አነሡ። እንግሊዞች ፈነደቁ፤ የመጀመሪያው ሰው የእነሱ፣ አንጎሉም ትልቅ! ከደቡብ አፍሪካ በ1924 የታውንግ ሕፃን የራስ ቅል ሲወጣ፣ አንጎሉ ትንሽ፣ አቋሙ ግን ቀጥ ያለ ፍጡር ሆኖ ሲገኝ፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ፊታቸውን አዞሩ። ነጭ አያት አግኝተው ጥቁሩን ምን ያደርጉታል?

በ1953 ጉዱ ወጣ። ራሱ የዘመናችን ሰው ራስ፣ መንጋጋው የኦራንጉታን፣ ጥርሱ በሞረድ የተሞረደ፣ አጥንቱም ቀለም የተቀባ። ያጋለጡት እነዚያው አጥንት መርማሪዎች ናቸው። ስለዚህ በፒልትዳውን ዝግመተ ለውጥን እረታለሁ የሚል ይጠንቀቅ፤ የሐሰቱ አጥንት የወደቀው ከአፍሪካና ከእስያ የወጡት እውነተኞቹ አጥንቶች አልገጥም ስላሉት ነው። እኔ ለነዚያ ሊቃውንት ያለኝ ጥያቄ ሌላ ነው። አርባ ዓመት ዓይናቸውን የጋረደው ምን ነበር? የሰውን ዘር እንደ መሰላል አቁመው ራሳቸውን ላዩ ላይ አስቀምጠው ነበር። መሰላሉን ደግሞ አጥንቱ አላስተማራቸውም፣ ከቤታቸው ይዘውት መጡ እንጂ። አባ ቴያርም ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም፤ የሰውን ዘር መርጦ ማሻሻል የሚለውን ሐሳብ በመጽሐፋቸው በበጎ አንሥተውታል።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ከጅቡቲ ወደ ኦቦክ ተሻገሩ፣ የታጁራን ዳርቻ ድንጋይ አዩ፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ወጡ። ድሬዳዋ አጠገብ ፈረንሳዮቹ የጃርት ዋሻ ያሉት ፖርክ ኤፒክ አለ፤ እዚያ ከሞንፍሬ ጋር ገብተው የድንጋይ መሣሪያ ለቀሙ። ኋላ ሌሎች ቆፍረው የሰው መንጋጋ ስባሪ አወጡ፣ 40 ኪሎ የሚመዝን ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይና ቢጫ የቀለም አፈርም ተገኘ። ከ40,000 ዓመት በፊት ድሬዳዋ ላይ ቁጭ ብሎ ቀለም የሚፈጭ ሰው ነበር ማለት ነው። ለቆዳ ማልፊያ ነው? ለገላ ነው? ለጸሎት ነው? አፈሩን ሚዛን ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ሰውየው ሲቀባው ያሰበውን ግን የሚመዝን ሚዛን የለም። ዝግመተ ለውጥ ሁሉን ነገር ገልጦ ጨርሷል የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህችን ዋሻ አነሣበታለሁ።

በ1929 መጀመሪያ ቄሱ ወደ ቻይና ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፔይ ወንጆንግ የፔኪንግ ሰው የተባለውን የራስ ቅል አገኘ፣ እሳቸውም ከመርማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ዋናው መጽሐፋቸው በሕይወት ሳሉ አልታተመም። ዓለም ሁሉ እየተለወጠ ወደ ክርስቶስ ይጓዛል ይል ነበር። በ1955 የትንሣኤ ዕለት ኒውዮርክ ላይ ሞቱ፣ መጽሐፉም ያኔ ወጣ። በ1961 የኖቤል ተሸላሚው ባዮሎጂስት ፒተር ሜዳዋር ጸሐፊው አስቀድሞ ራሱን አታሏል ብሎ አብጠለጠለው። በተከታዩ ዓመት ሮም አደገኛ ስሕተት አለበት ብላ አስጠነቀቀች። ሳይንሱ ሃይማኖት አበዛህ አለ፣ ሃይማኖቱ ሳይንስ አበዛህ አለ።

ኮንትሮባንዲስቱስ? እሱ በ1933 ከኢትዮጵያ ተባረረ፣ ልብወለድ እየጻፈ ከበረ፣ ሸመገለ። ኅዳር 24 ቀን 1974 ከኦቦክ ማዶ፣ በዚያው በአፋር ምድር፣ ሐዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። ቄሱ ይህን ሳያዩ ከሞቱ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነበር። ሞንፍሬ ግን ፈረንሳይ ውስጥ በሕይወት ነበር፤ ከዚያች ቀን በኋላ 19 ቀን ቆይቶ በ95 ዓመቱ ሞተ።