ዘቡ የማን ነው? ፖሊስና የትምህርት ግቢ በኢትዮጵያ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፤ ፖሊስ በትምህርት ግቢ ውስጥ መኖር ይገባዋልን? ጥያቄው በብዙ አገሮች ይነሣል። በእኛ አገር ግን ሰው የሞተበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ወደ ፍርድ ከመቸኮላችን በፊት ታሪኩን በቅደም ተከተል መመልከት ይኖርብናል።

ከሩቁ ልጀምር። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኘው ደብረ ኤልያስ፣ ከቢቸና አካባቢ ካሉት ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጋር፣ በጎጃም ከታወቁት የቅኔ መዲናዎች አንዷ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተመላልሰው ተምረዋል። በጉባኤው ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የሚኖረው የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ወጣት ነበር። ታዲያ ማን ይጠብቀው ነበር? ማንስ ይቀጣው ነበር?

መልሱ ሦስት ነው። የኔታ ነበሩ፤ ከእሳቸው በታች አስነጋሪዎቹና ነባሮቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ቁራሹን የሚሰጠው የአገሩ ሰው ነበር። በጉባኤው መካከል የመንግሥት ዘብ አይቆምም። ይህን ሥርዓት ግን ከልክ በላይ ማወደስ አይገባም፤ ዱላው የበዛ ነበር፤ የሚኮበልል ሕፃን በእግር ብረት የሚታሰርበት ጊዜም ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ መከላከያ ነበረው፤ ያደገው ተማሪ መምህሩ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ ጉባኤ መሄድ ይችላል። ቀጪው ተቀጪውን በስሙ ያውቀዋል፤ ያደረገውንም አገሩ ሁሉ ይሰማበታል። የሥልጣኑ ልጓም ይህ መተዋወቅ ነበር።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ይህ ልጓም ላላ። ተማሪው ከየጠቅላይ ግዛቱ ተሰበሰበ፤ ጥያቄውም የቅኔ ሳይሆን የመሬትና የሥልጣን ጥያቄ ሆነ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ስድስት ኪሎ ግቢ አስገብተው በተሰበሰቡበት፣ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ፤ ተማሪዎችም ወደቁ። ከዚያ ቀን በኋላ የግቢው አጥር በተማሪው ዓይን የአጥርነቱን ትርጉም አጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው የሰየሙትን፣ የራሳቸውንም ቤተ መንግሥት የሰጡትን ተቋም የራሳቸው ዘበኛ በጥይት ደፈረው።

ሥርዓቱ ተለወጠ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ሪፈረንደም በመቃወም የወጡ ተማሪዎች በጥይት ተበተኑ፤ ሰውም ሞተ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ።

ለዛሬው ርዕሳችን ዋነኛው ማስረጃ ግን የሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ፣ በግቢው የሰፈረው የታጠቀ ፖሊስ ይውጣልን የሚል ነበር። ከዚህም ጋር ማኅበራቸውና ጋዜጣቸው በነጻነት እንዲሠሩ ጠየቁ። ሚያዝያ 3 ቀን ፖሊስ ግቢ ውስጥ ተማሪዎችን ደብድቦ ብዙዎችን አቆሰለ። ሚያዝያ 9 እና 10 ሁከቱ ወደ ከተማው ወጣ፤ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ታሰሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! በ1962 ወታደሩ ከውጭ ገባ፤ በ1993 ግን ፖሊሱ አስቀድሞ ውስጥ ነበር። ጸጥታ እንዲያስከብር የቆመው ኃይል ራሱ የጸጥታ መጥፋት ምክንያት ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በአንድ ወገን የሚፈርድ ይመስላል። ነገር ግን የ2012 ዓ.ም. ማስረጃ ይህን ፍርድ ያከብደዋል። በጥቅምት መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ግጭቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ ሟቹም ገዳዩም በብሔር የሚቆጠርበት ወራት ሆነ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የፌዴራል ፖሊስ በየግቢው ሲገባ፣ ብዙ ወላጅ እፎይ አለ። ልጁን ከጎጃም ወደ ወለጋ የላከ አባት ስለ አካዳሚ ነጻነት ሊነገረው አይችልም፤ ልጁ በሕይወት እንዲመለስለት ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ግን ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች የተያዙት በመንገድ ላይ ነበር። የግቢ ፖሊስ መንገዱን አይጠብቅም።

የግሪክም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወታደራዊው አገዛዝ ታንክ የአቴንስ ፖሊቴክኒክን በር ሰብሮ ገባ። ከዚያ በኋላ በ1982 የወጣው ሕግ ፖሊስ ያለ ፈቃድ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዳይገባ ከለከለ። በ2019 ደግሞ ግቢው የወንጀል መሸሸጊያ ሆኗል ተብሎ ሕጉ ተሻረ። ክልከላው ከደም መጣ፤ መሻሩም ከስጋት። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? ጥያቄው «ፖሊስ ይኑር ወይስ አይኑር» ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ። በእኔ አስተያየት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ ማን ጠራው? በዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በግልጽ የተጠራ ኃይልና ከላይ የተላከ ኃይል አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ መቼ ይወጣል? የሰው ሕይወት ለማዳን የገባ ሥራውን ጨርሶ ይወጣል፤ የሚሰፍር ኃይል ግን ውሎ አድሮ ሐሳብን መጠበቅ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ለማን ይጠየቃል? በ1962ም ሆነ በ1993 ሟቾች ነበሩ፤ ለሞታቸው ግን ተመጣጣኝ ተጠያቂ አልተገኘም። እነዚህ ሦስቱ ያልተመለሱለት ዘብ ዩኒፎርሙ ምንም ዓይነት ቢሆን የግቢው ዘብ ሊባል አይችልም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት በጎጃም የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። በሮቹ ሲከፈቱ የጥበቃው ጥያቄ ከመጽሐፍና ከወንበር ጥያቄ ጋር አብሮ ይመጣል። የደብረ ኤልያስን ጉባኤ ቤት እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ የሚፈለግም አይደለም። መልካሙን መርሑን ግን ልንወርሰው እንችላለን፤ ተማሪን የሚጠብቅ ሰው ተማሪውን የሚያውቅና ስለሠራውም በአደባባይ የሚጠየቅ ሰው ይሁን።