የጥርስ ምርመራና ትምህርት ቤት

ጥርስ ሳያምም መመርመር በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። ጉጠቱ ግን ጥንታዊ ነው። እንደሚታወቀው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሰው ወደ ጥርስ ነቃይ የሚሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ብቻ ነበር። የሕመሙ መነሻ ትል ነው ይባል ነበር፤ ይህም እምነት በባቢሎናውያን የሸክላ ጽላቶች ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሽታው ትል ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ትሉን ማስወጣት ወይም ጥርሱን መንቀል እንጂ ቀድሞ መመልከት አይሆንም።

በጥንት ሰዎች ለመሳቅ ግን አንቸኩል። በኢትዮጵያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ አንዳንድ አካባቢዎች ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው ገና ያልበቀለውን የወተት ጥርስ ከድዱ ፈልቅቆ የማውጣት ጎጂ ልማድ አለ። ለስላሳው ያልጠነከረ ጥርስ ትል የሚመስላቸው አሉ። በዚህም ሳቢያ ሕፃኑ ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ይጋለጣል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል።

ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ፣ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት የተባለውን ትል እንዳላገኘ ገለጸ። እውነተኛው መነሻ እስኪብራራ ግን ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ። በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር በ1890 ባወጣው መጽሐፍ፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የስኳርና የስታርች ትርፍራፊን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ እንደሚያሟሟ አስረዳ።

ይህ «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ዋናው ቁም ነገር ነው። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ነርቭ የለውም። ጉዳቱ በዚያ ሽፋን ላይ እያለ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም፤ ብርቱው ሕመም የሚመጣው ጉድጓዱ ዘልቆ ወደ ነርቩ ሲቃረብ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ምልክት በጥሩ ጽዳትና በፍሎራይድ ሊገታ ይችላል። ትንሽ ጉድጓድም ይሞላል። መግል ከቋጠረ በኋላ ግን የነርቭ ሕክምና በማይገኝበት ስፍራ የሚቀረው መንቀል ነው።

እንግዲህ ሕመም ያልተሰማውን ሰው ማን ያስመረምረዋል? መልሱ በአብዛኛው የተገኘው ከትምህርት ቤት ነው። የስኮትላንድ የዳንዲ ከተማው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ፊሸር የተማሪዎች ጥርስ በግዴታ እንዲታይ በ1885 ጠይቆ ነበር። በ1902 ኤርንስት የሰን በስትራስቡርግ፣ ያን ጊዜ የጀርመን ግዛት ነበረች፣ ለተማሪዎች የሚሆን የጥርስ ክሊኒክ ከፈተ።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የኒውዚላንድ ታሪክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና የተመለመሉት ወጣቶች ጥርስ ሲመረመር ክፉኛ ተበላሽቶ ተገኘ። የጥርስ ሐኪሙ ቶማስ ሃንተር ሥራው ከልጅነት መጀመር እንዳለበት አመነ። ሐኪሞች ስላልበቁም ከ1921 ጀምሮ ወጣት ሴቶች በዌሊንግተን ለሁለት ዓመት እየሠለጠኑ በየትምህርት ቤቱ ተመደቡ፤ የልጆቹንም ጥርስ በየስድስት ወሩ ለማየት ይጥሩ ነበር። ማላያም በ1949 በፔናንግ ተመሳሳይ ማሠልጠኛ ከፈተች። ነቀፋ ግን አልቀረም። የኒውዚላንድ ልጆች ክሊኒኩን «የግድያ ቤት» ይሉት ነበር፤ ሊተው የሚችል ጥርስ ሁሉ ይሰረሰራል ተብሎም ተወቅሷል። ወቀሳው ተገቢ ይመስለናል፤ መመርመርና መሰርሰር አንድ አይደሉምና።

የስድስት ወሩ ቀጠሮም ቢሆን የማይሻር ሕግ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ2004 የወጣው መመሪያ እንደ ሰውየው ጥርስ ሁኔታ ለልጆች ከ3 እስከ 12 ወር፣ ለአዋቂዎች ከ3 እስከ 24 ወር ይፈቅዳል።

በእኛ አካባቢ የጥርስ ሐኪሙ ጥቂት ነው፤ ያለውም በአብዛኛው በከተማ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ዘገባ በአፍ በሽታ የሚጠቁ ሰዎችን ወደ 3.5 ቢሊዮን ገምቷል። ስለሆነም መፋቂያውን ሳንተው፣ መምህሩ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ አራት ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። እነዚህ የሚበቅሉት የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ስለሆነ ብዙ ወላጆች «ይህም ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። ያ መንጋጋ ግን ከተነቀለ ምትክ የለውም። ዕጩ መምህራንን በምናሠለጥንበት ጊዜ ይህን ስንነግራቸው የሚገረሙት ብዙዎች ናቸው።

የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መውለቃቸውን ሁላችንም እናያለን። የኋለኛውን መንጋጋ ለማየት ግን ልጁ አፉን በሰፊው ከፍቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን መዞር አለበት። ጉድጓድ ወይም ጥቁር ነጥብ ከታየ፣ ልጁ አላመመኝም ቢልም እንኳ፣ በዚያው ሳምንት ለወላጆቹ ወረቀት መላክ ይቻላል።